በአዘዞ ላሉት መካኒክ፦ ራቭ ፎሬን ያለ አግባብ ከመፈታት ስላዳኑልኝ

በአዘዞ አነስተኛ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ላመሰግን፣ ፎር ዊል ድራይቭ (በአራቱም ጎማ የሚነዳ) መኪና የያዛችሁ የጎንደር ሰዎችንም ወደ እርሳቸው ልጠቁም እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ጋሽዬ እላቸዋለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራች ራቭ ፎር ናት። ሰሞኑን ከደባርቅ ስመለስ፣ መሪ ጠምዝዤ በጠባብ ቦታ ባዞርኋት ቁጥር ፍሬን እንደተያዘባት ትከብድና ትንገጫገጭ ጀመር። አንድ ጋራዥ «ካምቢዮው ይውረድ» አለኝ። ጋሽዬ ግን መፍቻ ሳያነሡ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥተው የአራቱንም ጎማዎች ዙሪያ ለኩ፤ በቅርቡ የቀየርኋቸው የፊት ጎማዎች ካለቁት የኋላዎቹ በ4 ሳንቲ ሜትር ይበልጡ ነበር።

እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ በእንዲህ ዓይነቷ ራቭ ፎር ጉልበት ሁልጊዜ ለፊትም ለኋላም ይደርሳል፤ የሁለቱን የፍጥነት ልዩነት መካከለኛው ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማርሽ) ይችለዋል፣ አንዱ ወገን ብቻውን ሲሽከረከር ደግሞ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት የያዘው ቪስከስ ካፕሊንግ ይገታዋል። ጎማዎቹ ሲበላለጡ ግን ካፕሊንጉ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት እየታሸ ይግላል፣ ይጠነክራል፤ የኔዋም በመታጠፊያ ላይ የምትታገለው ለዚህ ነበር።

አጠገቧ የቆመችው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ይህ መካከለኛ ዲፍረንሻል የላትም። ሹፌሩ ፎር (ማለትም ፎር ዊል ድራይቩን) ሲያስገባ የፊትና የኋላ ካርዳን፣ ማለትም ጉልበት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሱት ዘንጎች፣ በእኩል ፍጥነት እንዲዞሩ ይታሰራሉ፤ ለወገራ የክረምት ጭቃ እንደ እርሷ ያለ አላየሁም፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን የፊት ጎማዎች በመታጠፊያ ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ ፎር እንደገባ መንዳት ማርሹንና ካርዳኑን ያስጨንቃል። ይህን የማያውቁ ስንት ሹፌሮች ከፒያሳ እስከ ማራኪ ፎር አስገብተው እንደሚነዱ ሳስብ አዝናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ባለ ፎር ራቭ ፎሮች ደግሞ በአብዛኛው በፊት ጎማ እየሄዱ፣ መንሸራተት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ለኋላ ያካፍላል፤ የፊትና የኋላውን አጣብቆ የሚይዘው የሎክ ቁልፍ ያላቸው ከሆነም፣ ፍጥነት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ይለቃል። ለከተማ ይስማማሉ፣ ለረጅም ጭቃ ግን እኔ አልመርጣቸውም።

ካፕሊንጉ ገና ስላልተበላሸ አራቱንም ጎማ በአንድ መጠንና ዓይነት ስቀይር መኪናዬ እንደ ድሮዋ ቀለል ብላ መታጠፍ ጀመረች። ጋሽዬ የፍተሻ ዋጋ ብቻ ተቀብለው፣ የጨመርሁትን ገንዘብ መለሱልኝ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እነግራለሁ። ጋሽዬ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።