የሎስ አላሞስ የእግር ጉብኝት፦ ከ5 ኮከብ 3

ደሴ ላይ ዓመታት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። አቶም እንዴት እንደሚሰነጠቅ ስንቴ በጠመኔ እንደጻፍኩ አላውቅም። አሁን ዴንቨር ነው የምኖረው። የመጀመሪያው አቶም ቦምብ እስከተሠራባት ሎስ አላሞስ ድረስ ከዚህ ስድስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል፤ ልጄን ይዤ ሄድኩ።

ከተማዋ ትንሽ ናት። ከፍታዋ ወደ 2,200 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባን ትጠጋለች። አብረውን የዞሩት ሰዎች ቁና ቁና ሲተነፍሱ እኔን ምንም አልመሰለኝም።

አስጎብኚ ድርጅቱን ስሙን አልጠራም። ለአንድ ሰው 35 ዶላር፣ አንድ ሰዓት ተኩል። የጆሮ ማዳመጫው ሲንጫጫ ቆይቶ የኔው ጨርሶ ጭጭ አለ። አስጎብኚው ግን ጨዋታ ያውቃል። እዚህ የቦምቡን ሥራ የመራው የፊዚክስ ሊቅ ኦፐንሃይመር የኖረበትን ሰፈር "ባዝታብ ሮው" ያሉት ገንዳ ያለው መታጠቢያ እዚያ ቤቶች ብቻ ስለነበረ ነው ሲለን ሳቅን። ከጥድ ግንድ በተሠራው ፉለር ሎጅ አጠገብ ኦፐንሃይመርና የቦምቡ ሥራ ወታደራዊ አዛዥ ጄኔራል ግሮቭስ በነሐስ ቆመዋል። ሁሉም ፎቶ ተነሳ፤ እኛም ተነሳን፣ ምን ይደረግ።

እዚያው ልጄ "እምቢ ያለ ሰው አልነበረም?" ብላ ጠየቀች። አስጎብኚው "ጊዜው የጦርነት ነበር" ብሎ አለፈ። ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ጋ ነው።

ነበረ እኮ! አሽሊ ፖንድ የምትባለው ኩሬ ዳር ተቀምጠን፣ ዳቦ ቆሏችንን እየቆረጠምን ነገርኳት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ሮትብላት ፖላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ሚስቱ ናዚዎች በያዙት አገር ቀርታበታለች። ሂትለር ቦምቡን ቀድሞ እንዳይሠራ ብሎ ሥራው ውስጥ ገባ። በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች እንደማይሠሩት ሲገባው፣ ታዲያ እኔ ለማን ነው የምሠራው ብሎ ጓዙን ሸክፎ ሄደ። እውነተኛውን ምክንያት ለባልደረቦቹ እንዳይናገር ስለተከለከለ፣ የሚስቱ ነገር አስጨንቆት ነው ተባለ። በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ።

የቦምቡ ሥራ ላይ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ሲላርድም አለ። ሐምሌ 1945፣ ትሪኒቲ የተባለው የመጀመሪያው የቦምብ ሙከራ በተደረገ ማግስት፣ 70 ሳይንቲስቶች የፈረሙበትን ደብዳቤ አዘጋጀ። ጃፓን የእጅ መስጫው ውል በይፋ ተነግሯት እምቢ ካላለች በስተቀር ቦምቡ አይጣልባት የሚል ነበር። እዚህ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ቴለር ይህን ደብዳቤ እዚህ ሎስ አላሞስ ላዙረው ወይ ቢለው፣ ኦፐንሃይመር እንደከለከለው ተናግሯል። ኦፐንሃይመር ራሱ ከሳይንቲስቶቹ ከፌርሚ፣ ከሎውረንስና ከኮምፕተን ጋር ሆኖ፣ ከወታደራዊ ጥቃት ሌላ ጦርነቱን የሚያስቆም የማሳያ ፍንዳታ አይታየንም ብሎ ጽፎ ነበር። የሰው ልጅ በየቀኑ እያለቀ፣ የማሳያው ቦምብ ቢከሽፍስ ብለው ፈርተው ይሆናል። እኔ ብሆን ከየትኛው ወገን እንደምቆም እንጃ።

ልጄ ዝም ብላ ቆየችና "ክፍል ውስጥ ይሄን ታስተምር ነበር?" አለችኝ።

"ፈተና ላይ አይመጣም ነበር" አልኳት።

ከሄዳችሁ ውኃ ያዙ። ብራድበሪ የሳይንስ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነውና ከእሱ ጀምሩ። እኛ በሚመጣው ዓመት እንመለሳለን። ያኔ አስጎብኚው እኔ ነኝ፤ 35 ዶላሩ ለምሳ ይሆናል።