የጥንቱ የአሜሪካ ብር ዶላር ወይስ ግማሽ ዶላር? ለጀማሪ ሰብሳቢ የቀረበ ንጽጽር

አሜሪካ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ በ1792 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የገንዘብ ሕግ መሠረት በፊላዴልፊያ ካስቀረጸቻቸው የብር ሳንቲሞች አንዱን ለመግዛት ያሰበ ሰብሳቢ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳንቲሞች መካከል ያመነታል። አንደኛው ከ1795 እስከ 1803 ያሉ ዓመታት የተጻፉበትና ጨርቅ የተጎናጸፈች ሴት ምስል ያለበት ዶላር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ1807 እስከ 1836 የተቀረጸውና ሴቲቱ ቆብ ደፍታ የምትታይበት ግማሽ ዶላር ነው።

የሁለቱም የብር ንጥረት አንድ ነው፤ 89.24 በመቶ። ዶላሩ 26.96 ግራም፣ ግማሹ 13.48 ግራም ይመዝናል። ዋጋቸው ግን በእጥፍ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ይራራቃል፤ ምክንያቱም ዶላሮቹ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች እየተጋዙ ክብደታቸው በጥቂቱ በሚበልጠው የስፔን ብር ይለወጡ ስለነበር ከአገር ወጥተው ብዙዎቹ ቀልጠዋል፣ ቀረጻውም በ1804 ቆሟል። ከዚያ በኋላ ትልቁ የአገሪቱ የብር ሳንቲም ግማሽ ዶላሩ ሆነ፤ ባንኮችም በመጠባበቂያነት በከረጢት ያስቀምጡት ስለነበር እጅ ሳይበዛበት የቆየው ብዙ ነው። በ1827 ብቻ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተቀርጿል።

ስለዚህ ፊቱ በተፋቀ አንድ ዶላር ዋጋ የፀጉሯ መስመር ሳይቀር የሚለይ ግማሽ ዶላር ተገዝቶ ገንዘብ ይተርፋል፤ በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚሻለው ይኸው ነው። ከዚህ የሚለየው 47,150 ብቻ የተቀረጸው የ1815ቱ ሲሆን፣ እሱን ለጊዜው መተው ይበጃል።

ዶላሩን የሚመርጥ ሰው በተለይ ከሐሰተኛ ቅጂ መጠንቀቅ አለበት። የእውነተኛው ጠርዝ ዋጋውን የሚገልጽ ጽሑፍ ስላለበት፣ ጠርዙ የተሸነተረ ወይም ባዶ ከሆነ፣ ሚዛኑም ከጎደለ፣ ሻጩ ምንም ቢል አይገዛም። 1804 የተጻፈበትማ በዓለም 16 ብቻ ስለሚታወቅ በርካሽ የቀረበ ሁሉ ሐሰተኛ ነው። በፊቱ ላይ የሚታዩ ትይዩ የሞረድ ጭረቶች ግን ከቀረጻው በፊት ትርፍ ክብደት ለመቀነስ የተደረጉ ስለሆኑ ዋጋውን ቢቀንሱም የሐሰተኛነት ምልክት አይደሉም። በአንጻሩ ሁለት መቶ ዓመት የሞላው ብር እንደ አዲስ ካበራ አብዛኛውን ጊዜ ታጥቧል ማለት ነውና፣ ዶላርም ሆነ ግማሽ ዶላር፣ ግራጫ መልኩን የያዘውን መፈለግ ይገባል። ዶላር ካልሆነ የሚል ገዢ በጀርባው ትልቁ ንስር ያለበትን የ1799ኙን ቢፈልግ፣ ትንሹ ንስር ካለባቸው ከቀደሙት ይልቅ በቀላሉ ያገኘዋል፤ ከሳንቲም መርማሪ ድርጅቶቹ ከፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. ወይም ከኤን.ጂ.ሲ. አንዱ መርምሮ ያሸገውን ብቻ ይግዛ።