የገጠሩ ሕይወት በገነተ ልዑል፦ የስድስት ኪሎው ሙዚየም ሲገመገም

ስለ አገራችን ገጠር ኑሮና ስለ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ባህል ለሕዝብ የሚያስተምር ቦታ በአዲስ አበባ እምብርት የት እንደሚገኝ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለማመንታት እጠቁመዋለሁ። ገበሬውን፣ አርብቶ አደሩንና የእጅ ባለሙያውን የታሪክ ባለቤት አድርጎ በማሳየት ረገድ በከተማዋ የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። ይህን የምለው የዕቃዎቹን ብዛት ሳይሆን የተደረደሩበትን ሥርዓት አይቼ ነው።

በየዝግጅቱ የለመድነው የባህል ማሳያ ብሔረሰቦችን በየተራ ያሰልፍና ለእያንዳንዱ አንድ ልብስ፣ አንድ ጌጥና አንድ የጭፈራ ፎቶግራፍ ሰጥቶ ያልፋል። በዚህ ሙዚየም ግን ጎብኚው የሚጓዘው የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ነው። መጀመሪያ ልደት፣ ተረት፣ የልጆች ጨዋታና ወደ አዋቂነት መሸጋገሪያ ሥርዓቶች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ እምነት፣ የአርብቶ አደር ኑሮ፣ አደን፣ ጦርነት፣ የባህል ሕክምና፣ የሰውነት ጌጥና ዕደ ጥበብ ይከተላሉ፤ መጨረሻው ሞትና የቀብር ሥርዓት ነው። የዚህ አደረጃጀት ትልቁ ጥቅም ከደጋ የመጣው ዕቃ ከቆላው ዕቃ ጋር በአንድ ጉዳይ ዙሪያ እንዲገናኝ ማድረጉ ነው። ተመልካቹ «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ይለብሳሉ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ፣ እኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ምን ይደረጋል፣ ሙት እንዴት ይሸኛል ብሎ የራሱን ቀዬ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ይህ በተለይ የሚጎላው ስለ ሞት በሚናገረው ክፍል ነው። የኮንሶ ሕዝብ ለጀግኖቹና ለታላላቆቹ መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀርጸው ዋካ ሟቹን ብቻውን አያቆመውም፤ ሚስቶቹን፣ የገደላቸውን ጠላቶችና አውሬዎች ጭምር በአጠገቡ ያሰልፋል። ዋካውን የተመለከተ ሰው የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያለ ጽሑፍ ያነብባል ማለት ነው። በሶዶ ጉራጌ የሚገኙትን፣ የሰይፍ ምስል የተቀረጸባቸውን የጢያ ትክል ድንጋዮች የሚያውቅ ሰው ደግሞ፣ ሙትን በሐውልት የማክበር ልማድ በደቡባዊው የአገራችን ክፍል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ እዚህ ቆሞ ያስተውላል። ለዚህ ክፍል ሰፊ ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው እላለሁ።

ስብስቡ የተጀመረበት መንገድም መታወቅ ይገባዋል። በ1940ዎቹ ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ በሆነው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የነበረው፣ የሕዝቦችን ባህል የሚያጠናው የተማሪዎችና የመምህራን ማኅበር አባላቱ ስለየአካባቢያቸው ባህል እንዲጽፉ ያበረታታ ነበር፤ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪም ዕቃዎቹን በማሰባሰብ ከፍተኛውን ድርሻ ወሰዱ። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የገጠር ልጆች ስለ ገጠራቸው ራሳቸው መጻፍ የጀመሩበት ያ ጅምር በእኔ እምነት እስከ ዛሬ የሙዚየሙ ምርጥ ውርስ ነው።

ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ነው፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የታገቱት ሹማምንት የተገደሉትም እዚሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ዛሬም ይጎበኛል። ግብር ይከፍል የነበረው ገባር የሚገለገልባቸው ዓይነት ዕቃዎች ግብር ከሚቀበለው ንጉሥ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጣቸው፣ የትኛውም የማብራሪያ ጽሑፍ ሊሰጥ የማይችለውን ትምህርት ይሰጣል።

ቅሬታዬም የሚመነጨው ካመሰገንኩት አደረጃጀት ራሱ ነው። በዕድሜ ደረጃ የተዋቀረ ማሳያ ዘመንን ለማሳየት አይመችም። ጭሰኝነት ምን እንደነበረ፣ የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬውን ቤት እንዴት እንደለወጠው፣ ድርቅ፣ ሰፈራና መንደር ምሥረታ ስንቱን ልማድ እንደበተኑ የሚነገርበት ቦታ በዚህ አካሄድ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ ስለዚህ ወጣቱ ጎብኚ የገጠሩ ኑሮ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ሊመስለው ይችላል። የአንድን አካባቢ ታሪክ ብቻ ለመከታተል የሚሻ ሰውም ከየክፍሉ እየለቀመ ራሱ ማያያዝ ይኖርበታል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የሰው ድምፅ ነው። የተቋሙ ተመራማሪዎች፣ ሸማኔዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና አራሾች በዕቃዎቹ አጠገብ ቆመው ለሕዝብ የሚናገሩባቸው መድረኮች ቢበዙ፣ ሙዚየሙ የባህል ማሳያ ብቻ ሳይሆን የአካባቢ ታሪክ ትምህርት ቤትም ይሆናል።

የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል በገናን፣ ክራርንና ማሲንቆን ለማያውቁ ልጆች ጥሩ መግቢያ ነው። የሥዕልና የመስቀል ስብስቡ ግን ራሱን የቻለ ቀን ስለሚፈልግ ከዚህኛው ጉብኝት ጋር ባይደረብ ይሻላል።

የሚሄድ ሰው የግቢው በር ላይ ሊጠየቅ ስለሚችል መታወቂያ ይያዝ፤ ከተቻለም ገጠር ያደጉ አባት ወይም እናት፣ አያት ቢገኙ ደግሞ ይበልጥ፣ አብረውት ቢሄዱ መልካም ነው። ስለ አንድ ዕቃ አሠራርና አጠቃቀም በእጃቸው ከሠሩበት ሰዎች የተሻለ የሚያስረዳ የለምና፣ ልጆች ይዞ የሚገባ ወላጅ ጥያቄውን ሁሉ ለእነዚህ አዛውንቶች ይተውላቸው።