ሻርፕ ወይስ ፓፍ? ለታኅሣሥ ጠዋት ሩጫ

ታኅሣሥ ላይ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ የሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብርዱ ቀላል አይደለም። ሮጬ ሳቆም ሳሉ ይነሳል፤ ደረቴም ሲር ሲር ይላል። ቤት ውስጥ "ብርድ መቶህ ነው" አሉኝ። ሐኪሙ ግን ትንፋሼን በመሣሪያ ለክቶ አስም መሆኑን ነገረኝ።

ስንሮጥ በአፋችን ብዙ አየር እንስባለን። ቀዝቃዛ አየር ደረቅ ነው። የአየር ቧንቧችንን እርጥበት ይወስዳል፤ ቧንቧውም ይጠባል።

ሻርፕ አፍና አፍንጫን ሲሸፍን የምናስወጣው ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ጨርቁ ላይ ይቀራል። ቀጥሎ የምንስበው አየር ለስለስ ብሎ ይገባል። ለቀላል ሩጫ አሪፍ ነው፤ ወጪም የለውም። ፍጥነት ስጨምር ግን ያፍነኛል፤ ከረጠበ በኋላማ ፊት ላይ ይለጠፋል።

ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ ሌላ ነገር ነው። በውስጡ ያለው ሳልቡታሞል ከሩጫ 15 ደቂቃ ያህል በፊት ሲሳብ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ለጥቂት ሰዓታትም ይቆያል። ጠንከር ያለ ልምምድ ባለበት ቀን ሻርፕ አይተካውም። ችግሩ በየቀኑ ሲወሰድ የመከላከል ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብም ያስመታል። በየቀኑ የሚያስፈልገው ሰው ሐኪሙ ሌላ፣ የቧንቧውን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። የጓደኛን ፓፍ መዋስ የሚሉትን ነገር ተዉት። ለተወዳዳሪ ደግሞ የዋዳ (የዓለም ፀረ-አበረታች መድኃኒት ድርጅት) ገደብ አለ፦ በ24 ሰዓት 1600 ማይክሮግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ከ600 ሳያልፍ።

እኔ ቀለል ባለው ቀን ሻርፕ አደርጋለሁ፤ ፓፉ ግን ከኪሴ አይለይም። እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራን ስወጣ ግን ፓፉን ቀድሜ እስባለሁ።