ዝግ ሜዳ ወይስ የሕዝብ መንገድ፦ ሁለቱ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ሙያዎች

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ የጎጃም ሰው በሁለቱ ሙያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም፤ አንደኛው ተወዳዳሪ ለእሽቅድምድም ብቻ በተሠራ ሜዳ ሲጋልብ፣ ሌላው ግንብና ዛፍ በታከከው፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ በሚዘጋ የሕዝብ መንገድ ላይ ይፎካከራል።

የሜዳው ተወዳዳሪ በልጅነቱ በትንንሽ ሞተሮች ይጀምርና ሞቶ 3 እና ሞቶ 2 በተባሉት የዓለም ሻምፒዮና ዝቅተኛ ደረጃዎች አልፎ ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ወደ ሞቶ ጂፒ ያድጋል፤ ቢወድቅም ከመታጠፊያው ውጭ ጠጠር የፈሰሰበት ሰፊ ቦታ ይጠብቀዋል። ገንዘቡም ዝናውም በአብዛኛው እዚህ ነው።

የመንገዱ ሙያ ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው በማን ደሴት የሚካሄደው የቲቲ (ቱሪስት ትሮፊ) የመንገድ ውድድር አንድ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ200 የሚበልጡትን መታጠፊያዎች በቃል ማጥናት ዓመታት ይፈጃል፤ ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ስለሚነሡም ዋናው ፉክክር ከሰዓት ጋር ነው። ልምድ ከወጣትነት የሚበልጠውም ለዚህ ይመስለኛል፦ የሰሜን አየርላንዱ ተወዳዳሪ ጆይ ደንሎፕ በ2000 እ.ኤ.አ. በ48 ዓመቱ በቲቲ ሦስት ውድድሮችን አሸንፏል፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን በኢስቶኒያ፣ እንዲሁ በመንገድ ውድድር ላይ ሞተ።

ሁለቱን የቀመሰው ጣሊያናዊው ጃኮሞ አጎስቲኒ፣ በማን ደሴት 10 ጊዜ ካሸነፈ በኋላ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ወዳጁ እዚያው ሲሞት ዳግመኛ አልወዳደርበትም አለ። ውድድሩም ከ1976 እ.ኤ.አ. በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ።