ቡድሃናት ጀርባ ያለችው ሱቅ፦ ባንዲራው አሪፍ፣ ማሸጊያው ዜሮ

የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ላይ የጸሎት ባንዲራ፣ ማለትም የቲቤት ቡድሂስቶች ደጅ የሚሰቅሉት ጸሎት የታተመበት ባለቀለም ጨርቅ፣ የማይሸጥበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ግን ፖሊስተር ነው። ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙም ቶሎ አይለቅም። እኔ ለዚህ አልመጣሁም። ባንዲራው ደጅ ተሰቅሎ እንዲያልቅ ነው የሚሠራው። ነፋሱ ጸሎቱን ለፍጥረት ሁሉ ይበትናል ይላሉ፤ ጨርቁ ይነጣል፣ ይበጣጠሳል፣ ለአዲስ ዓመታቸው ለሎሳር ሌላ ይሰቀላል። የማይበሰብስ ፕላስቲክ ተራራ ላይ ጥሎ መውረድ ምን የሚሉት ጸሎት ነው?

ቡድሃናት ከሚባለው ስቱፓ (ባለጉልላት የቡድሂስት መቅደስ) ጀርባ፣ ቅያስ ውስጥ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ቲቤታዊት እናት ናቸው። «የጥጥ አለዎት?» ስላቸው ደጅ የተንጠለጠለውን ትተው ከውስጥ መደርደሪያ አወጡልኝ። ዋጋው የፖሊስተሩ እጥፍ ነው፤ ግን ይገባዋል። ህትመቱ ጥርት ያለ ነው፦ መሃል ላይ የነፋስ ፈረስ፣ በአራቱ ማዕዘን ነብር፣ የበረዶ አንበሳ፣ ጋሩዳ የሚባለው የአፈ ታሪክ ወፍና ድራጎን። አንዱ ጥቅል ላይ ቢጫው ከቀዩ ቀድሞ ተሰፍቶ ስላዩ አልሸጡልኝም። ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፤ ማለትም ሰማይ፣ አየር፣ እሳት፣ ውሃ፣ ምድር። ተራው አይዛባም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ሳንጉን ነው። ጠዋት ጠዋት ለአማልክትና ለአካባቢው መናፍስት የሚጨስ የደረቀ ቅጠል ነው፤ ዋናው ጥድ ሲሆን የሌላ ተራራ ቁጥቋጦ ቅጠልም ይገባበታል። ከሰል ላይ ትንሽ ጣል ታደርጋላችሁ፣ ከላይ ጻምፓ ትነሰንሳላችሁ፤ ያው የኛ በሶ በሉት፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። ቅቤ የሚጨምሩም አሉ። ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው። የእሳቸው ሳንግ ትኩስ ነው፣ አቧራ የለውም፤ ከረጢቱን ስትከፍቱ ጥዱ አፍንጫ ላይ ይመጣል። ሳሎን ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት፣ ዓይን ያጠፋል። በረንዳ ይሻላል።

የዘንግ ዕጣኑ እንዲህ እንዲህ ነው። መሃሉ ላይ የቀርከሃ እንጨት ስለሌለው በቀላሉ ይሰበራል፤ በስስ ወረቀት ጠቅልለው ስለሰጡኝ ሻንጣ ውስጥ ደቀቀ። ጠንካራ ካርቶን ጠይቁ።

ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው። ክርክር ብዙም አይወዱም፣ ዋጋቸውም ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ቅያሱ በአስጎብኚ ይጨናነቃል። ከአምስት አራት ኮከብ፤ አንዱን የነሳኋቸው ለማሸጊያው ነው።