የፎን ትራፕ ቤተሰብ፦ በፊልሙና በእውነቱ

ስለ ኦስትሪያው ዘማሪ የፎን ትራፕ ቤተሰብ የተሠራው ፊልም «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» (እ.ኤ.አ. 1965) ሲያልቅ አባትየው ታናሿን ልጅ አዝሎ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚዎች በተራራ ወደ ስዊዘርላንድ ይሸሻል። ያምራል፤ ካርታው ግን አይፈቅድም። ቤተሰቡ ከሚኖርባት ከኦስትሪያዋ ከተማ ከሳልዝበርግ በዚያ በኩል የሚሻገር ሰው የሚደርሰው ጀርመን፣ ያውም ሂትለር የተራራ ቤቱን ከሠራበት አካባቢ ነው። እውነተኛው ቤተሰብ በ1938 በጠራራ ፀሐይ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ጣሊያን ሄደ። የአባትየው የጌኦርግ የትውልድ ከተማ ዛዳር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለጣሊያን ስለተሰጠች እርሱም የጣሊያን ዜጋ ነበር።

በፊልሙ ገንዘብ የሚቸግረው ሰው የለም። በእውነቱ ጌኦርግ በችግር ላይ የነበረን ባንክ ለመደገፍ ሀብቱን ከለንደን አዛውሮ ሲያስቀምጥ ባንኩ በ1935 ከሰረ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ የቤቱ ክፍሎች ተከራዩ። የቤተሰቡ መዝሙርም ቀስ በቀስ እንጀራ ሆነ። ለእኔ ከተራራው ሽሽት ይልቅ ፊልም የሚወጣው ይህ ነበር።

በኋላ የጌኦርግ ሚስት የሆነችው ማሪያ ብትሆን በ1926 የመጣችው የሰባቱም ልጆች ሞግዚት ሆና ሳይሆን በሕመም የደከመች አንዲት ልጅ ልታስተምር ነው። በዓመቱ ተጋቡ። ከስደቱ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ፊልሙ ግን ከጫጉላ ሽርሽር በቀጥታ ወደ ሽሽት ይወስዳቸዋል።

ልጆቹን ያስከፋው ፊልሙ አባታቸውን ቀዝቃዛ አድርጎ መሣሉ ነው። በፊልሙ የምትታየው ፊሽካ እውነት ናት፤ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንኑ በሰፊው ቅጥር ግቢ የሚጠራቸው በእርሷ ነበር። ቅዝቃዜው ግን ፈጠራ ነው፤ ጌኦርግ ገር ሰው ነበር። በቤቱ ቁጣ የሚቀናት ማሪያ ነበረች።